ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ፦ ለማስተማር አፋር የወረድን አራት መምህራን ያየነው



ለማስተማር ከአገር መራቅ ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ባሕር ማዶን ነው። አንዱ ቻይና ሄዶ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ሌላው ወደ ዐረብ አገር ያመለክታል። የሚሄደው ሰው አስቀድሞ ይጠያይቃል። ምግቡ እንዴት ነው? ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት እኖራለሁ? ተማሪው መምህሩን በምን ዓይን ያያል? ከደረሰ በኋላም ያየውን ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። እዚሁ አገራችን ውስጥ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ ለማስተማር ለሚወርድ ሰው ግን እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስለት ብዙም የለም። "አፋር ደረሰህ? ሙቀቱን አላህ ያግራልህ" ይባላል፣ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል።

እኛ አራት መምህራን ነን። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተምረን አብረን ተመረቅን። አንዳችን የደሴ፣ አንዳችን የከሚሴ፣ አንዳችን የጅማ፣ አንዳችን የአዲስ አበባ ልጅ ነን። በ2015 ዓ.ም. ሁለታችን አዋሽ ሰባት፣ ሁለታችን ሰመራ ደረሰን። ጂኦግራፊ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምራለን። አዲስ የሚመደቡ ወንድሞችና እህቶች ስለ አካባቢው ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያየነውንና እየቆየ የገባንን ጽፈናል። ረዘም ይላል፤ ታገሱን።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማንና ወለንጪቲን ያለፈ ሰው መተሐራ ሲደርስ የበሰቃ ሐይቅና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀበሉታል። በስተግራ የፈንታሌ ተራራ ይታያል። ከዚያ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ሰባት ይገባል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ወርዷል ማለት ነው። ጃኬቱን ያወለቀው ገና አዳማ ላይ ነው።

አዋሽ ሰባት ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አዋሽ መንገደኛ የሚያርፍባት ጣቢያ ነበረች። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው በኩል ወደ ጅቡቲ ያልፋል። ቻይና ሄደን ያላስተማርን መምህራን ቻይናን ያየናት በዚህ በኩል ነው። በገበያዋ አፋሩ፣ ከረዩው፣ ኢቱው፣ አርጎባው፣ አማራውና ሶማሌው ጎን ለጎን ይሸጣል። አንድ ሻጭ ለሦስት ገዢ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ሲናገር የሰማነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከእኛ መካከል ሁለት ቋንቋ የሚችለው አንድ ብቻ ነበር።

ከአዋሽ ሰባት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሚኤሶ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል። ሌላው በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎጊያና ሰመራ ይደርሳል፣ ከዚያም በጋላፊ ጅቡቲ ይገባል። እኛም ሁለት ለሁለት የተለያየነው እዚያ መገንጠያ ላይ ነው። ወደ ሰመራ ለሚቀጥለው ገና ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። መንገዱን የሞሉት ወደ ወደቡ የሚወርዱና ከወደቡ የሚወጡ ተሳቢዎች ናቸው። በመካከላቸው ግመል ሲያቋርጥ ያ ሁሉ መኪና ቆሞ ይጠብቃል።

ሰመራ እንደ አዋሽ በጣቢያ ዙሪያ ቀስ በቀስ ያደገች አይደለችም። ቀድሞ የክልሉ መቀመጫ የነበረችውን አሳይታን ለመተካት ገላጣ ሜዳ ላይ በዕቅድ የተሠራች ናት። ሰፊ መንገድ፣ መሥሪያ ቤቶች፣ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተ ዩኒቨርሲቲና በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ከፍታዋ ከ500 ሜትር በታች ነው። ግርግሩ ያለው አጠገቧ ባለችው ሎጊያ ነው፤ ሾፌሩ፣ ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ ሱቁ እዚያ ነው።

ሙቀቱና ቀኑ

ሙቀቱን ሳንናገር ብናልፍ አታምኑንም። ሰመራ ላይ ቴርሞሜትር ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያሳይባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ የሚብሰው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። የሰመራ የቤት አከራያችን፣ ሐጂ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት፣ ክፍሉን ሊያሳዩን በገባንበት ጊዜ አልጋችንን የት እንደምንዘረጋ ስናማክር ሳቁ። "ቤቱ ለዕቃ ነው" አሉን፤ "ሰው ውጭ ነው የሚያድረው።" የጠፍር አልጋ ግቢ ውስጥ አወጡልን፣ ከላዩ አጎበር ሰቀሉበት። ወባውም ደንጊውም ስላለ አጎበሩ ግዴታ ነው። ውሃ የሚቀዘቅዘው ጀሪካኑን በጆንያ አልብሶ፣ ጆንያውን አርጥቦ ነፋስ በሚነካው ቦታ በማስቀመጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ያለውም የሌለውም ወደዚያ ጀሪካን ይመለሳል።

ከሙቀቱ በላይ የሚከብደው ግን የጊዜ አቆጣጠሩን መልመድ ነው። ቀኑ ለሁለት ይከፈላል። ከፈጅር በኋላ ያሉት ሰዓታት የሥራ ናቸው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና ይነቃል፣ እስከ ሌሊት ድረስም ይቀመጣል። በደጋ ልማድ ቀትር ላይ ሰው ለማግኘት የሚዞር ሰው የተዘጋ በር ብቻ ያገኛል። ማታ ሽርጥ አሸርጦ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ግን በአንድ ምሽት ሰፈሩን ሁሉ ይተዋወቃል።

የመጀመሪያው ረመዳናችን በመጋቢት አጋማሽ ገባ። ከወላጆቻችን ርቀን የምናፈጥረው የመጀመሪያው ነበር፤ ብቻችንን እናፈጥራለን ብለን ቴምርና ሳምቡሳ ገዝተን ተቀመጥን። መግሪብ ሊሆን ሲል ከሦስት ቤት ሦስት ሳህን መጣ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ "እናንተ እዚህ ቤት የምታፈጥሩት ታማችሁ ነው?" ብለው ወደ ግቢያቸው ወሰዱን። በበጋ ሙቀት ሲጾም የዋለ ጎረቤት መጀመሪያ ውሃ የሚያቀርበው ለእንግዳው ነው፤ ይህን በየቀኑ አይተናል።

ስም መጥራት

ክፍል ገብቶ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ስም መጥራት ነው። አፋር ውስጥ ትምህርቱም የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። በአፋርኛ አጻጻፍ የተመዘገበን ስም እንደ እንግሊዝኛ ያነበበ አዲስ መምህር "ቃሊ" ብሎ ይጠራል። ማንም አይነሳም። "ማካማድ" ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ይህን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዘጋጁት ዲሚስና ረዶ በሚል ስም የሚታወቁ ሁለት የአፋር ሰዎች ናቸው። በዚህ አጻጻፍ "ኪው" የምትባለው ፊደል የዐረብኛው ዐይን ናት። "ሲ" ደግሞ ከጉሮሮ የምትወጣው ሐ ናት። "ኤክስ" ምላስን ወደ ኋላ ቆልመን የምንላት ድ ናት። ስለዚህ "ቃሊ" ዐሊ ነው፤ "ማካማድ" መሐመድ ነው። ዛፍ በአፋርኛ "ሐዳ" ሲሆን የሚጻፈው በሲ፣ በኤ፣ በኤክስና በኤ ነው።

ቁርኣን ቀርቶ ያደገ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ ድምፆቹን ያውቃቸዋል። ፊደሉን ከያዘ በኋላ ቃላቱ ይከተላሉ። ውሃ "ሌ" ነው፣ ወተት "ሐን" ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ስሞቹን በትክክል መጥራት የጀመረበትን ቀን ያስታውሳል። ከዚያ በፊት በስሙ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የሚያፍር ልጅ ነበረ፤ በዚያ ቀን ጮክ ብሎ "አለሁ" አለ። የገዛ ስሙ ተጣምሞ ሲጠራ የሚውል ልጅ ክፍሉን የራሱ አድርጎ አያየውም። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ተወስኗል። ፖሊሲው ተማሪው ጋ የሚደርሰው ግን ስሙን በትክክል የሚጠራ መምህር ሲያገኝ ነው።

ሌላው የሚያስደነግጠው "አንተ" ነው። ወሎ ላይ ትልቅ ሰው "አንቱ" ይባላል። ደሴና ከሚሴ ያደጉት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ አንተ ትናንት የት ሄድክ?" የሚል ጥያቄ ሰሙ። ልጁ ባለጌ አይደለም። በአፋርኛ ለአንድ ሰው "አቱ" ይባላል፤ ልጁ ያንኑ ነው ወደ አማርኛ ያመጣው። አክብሮቱ በሌላ በኩል ነው ያለው። መንገድ ላይ ሲያገኘን እጃችንን ይይዛል፣ የእጃችንን ጀርባ ይስማል፣ እኛም የእሱን እንስማለን። ስለ ጤናችን፣ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ አገራችን ዝናብ ሳይጠይቅ አያልፍም። "አንተ" ብሎ የሚጠራን ያው ልጅ እኛ ቆመን እሱ ተቀምጦ አያውቅም።

ዳጉ

ሰመራ በደረስን በሁለተኛው ቀን ለሳሙናና ለፓስታ ሎጊያ ሄድን። ባለሱቁን አይተነው አናውቅም። ዕቃውን እየቋጠረ፣ "እናንተ አራት አይደላችሁም እንዴ? ሁለቱ አዋሽ ቀሩ። የአንዱ ሆድ ተሻለው?" አለን። እርስ በርስ ተያየን። የከሚሴው ልጅ መንገድ ላይ ሆዱን አሞት ነበር፣ ገዋኔ ላይም ከመኪና ወርዶ ነበር።

ይህ ዳጉ ነው። ስለ አፋር ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል፤ ማየት ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አረፍ ይላሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። የት ዘነበ? የት ሣር በቀለ? የማን ግመል ጠፋ? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ? የትኛው እንግዳ በዚህ አለፈ? ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሰማውን ይዞ የሚሄድ ሰው ቀጥሎ ለሚያገኘው ይነግራል። ዋናው ሕጉ ያየኸውን "አየሁ"፣ የሰማኸውን "ሰማሁ" ማለት ነው። የውሸት ዳጉ የሚያወራ ሰው ይታወቃል፣ ቃሉ ዋጋ ያጣል፣ ጉዳት ካደረሰም በባህላዊ ሕጋቸው ይጠየቅበታል። ምክንያቱም አንድ ሰው "እዚያ ዘንቧል" ብሎ ሲናገር ከብቶቹን ይዞ ሦስት ቀን የሚጓዝ ቤተሰብ አለ። ወሬው ውሸት ከሆነ ከብቱ ያልቃል።

ዛሬ ዳጉ በስልክም ይሄዳል። ሕጉ ግን ያው ነው። በየስልካችን የደረሰንን ሁሉ ሳናጣራ ለሌላው የምናስተላልፍ ሰዎች ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው።

ሐጋይ ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አፋር ዓመቱን በራሱ ወቅቶች ይከፍለዋል። ከርማ ዋናው ዝናብ ነው፣ ሱጉም የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ ነው፣ ጊላል ቀዝቀዝ የሚልበት ነው፣ ሐጋይ ደግሞ ደረቁና የሚያቃጥለው ጊዜ ነው። የትምህርት ዘመኑ የሚዘጋው፣ ፈተናውም የሚሰጠው ሐጋይ ላይ ነው። ዝናቡ ከቀረ ውሃ ይርቃል፣ እንስሳቱ ይሄዳሉ፣ እንስሳቱ ከሄዱ ልጁ አብሮ ይሄዳል። በመዝገባችን ላይ "ቀሪ" የሚለው ምልክት ይበዛል። ምልክቱ ሰነፍ ልጅን ከግመል ጠባቂ ልጅ አይለይም።

የሒሳብ መምህራችን ክፍል ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ሃያ ቀን ያህል ጠፋ። ሲመለስ ከኋላ ተቀመጠ፣ ደብተሩን አልገለጠም። እንደዚህ የተመለሱ ልጆች ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጠው፣ ምንም አልገባ ሲላቸው ለዘለቄታው እንደሚቀሩ አይተናል። በዕረፍት ሰዓት አንዲት የክፍል ጓደኛው አጠገቡ ተቀመጠችና ትነግረው ጀመር። መምህሩ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። "ይቺን ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሲሠራት አይቻለሁ" ትላለች። "ይቺን ግን ያን ቀን አልነበርኩም፤ ከእሱ ነው የሰማሁት፣ እሱን ጠይቀው" ትላለች። ልጁ ሳያቋርጣት ሰማ፣ ከዚያ ጠየቀ። ዳጉ እያወራችው ነበር፤ ዳጉውም ሃያ ቀን ሙሉ ያመለጠው የሒሳብ ትምህርት ነበር።

ማታ በስልክ ስንገናኝ ይህን አወራን፣ አራታችንም በየክፍላችን ሞከርነው። ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የዳጉ ሆኑ። ከርሞ የተመለሰ ልጅ ካለ ሁለት ልጆች ያመለጠውን ይነግሩታል፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል፤ የነበረበትን አገር፣ የውሃውን ሁኔታ፣ ያየውን ይናገራል። የጂኦግራፊ መምህራችን ያንን ይዞ ስለ አየር ንብረት ያስተምራል። ልጁ "የቀረ" መሆኑ ይቀርና ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ይሆናል። አፋር ውስጥ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ይከበራል።

ሁሉም ልጅ በዚህ ተመለሰ አንልም። ያ የሒሳቡ ልጅ ዛሬ ትምህርቱን ቀጥሏል። እሱን የሚያህል ሌላ ጎበዝ ልጅ ግን ሐጋይ ላይ ሄዶ አልተመለሰም። የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ላይ ረዳት ሆኖ እንደሚሠራ ሰማን፤ አላየነውም፣ ሰማን። መንገዱ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን የሚቀማቸው ድርቅ ብቻ አይደለም፣ መኪናውም ነው። በአንድ ቀን ብር የሚያሳይ ሥራ ከአራት ዓመት ትምህርት ጋር ይፎካከራል። ያን ልጅ የሚያስታውስና "ና፣ ያመለጠህን እንንገርህ" የሚለው ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት።

መጽሐፉና ምድሩ

አፋር ውስጥ ለሚያስተምር ሰው መጽሐፉ ላይ ያለው ነገር መስኮቱ ላይ ነው። ባዮሎጂ ስለ መጤ ወራሪ ዕፅዋት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ፕሮሶፒስን ያውቁታል፤ "ደርጊ ሐዳ"፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለጥላና አፈር ለመጠበቅ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ፣ ከዚያ ግጦሹን ዋጠው። ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በበጠጣቸው እንደሚዘሩት፣ ፍሬው የበዛባቸው ከብቶች እንደሚታመሙ፣ እሾሁ የግመል እግር እንደሚያቆስል የነገሩን ተማሪዎቻችን ናቸው። መጽሐፉ ይህን በሦስት መስመር ነው ያለፈው።

ጂኦግራፊ ስለ አዋሽ ወንዝ ያስተምራል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈሳል፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ክረምት ላይ በደጋ የዘነበው ዝናብ ዱብቲና አሳይታ አካባቢ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እርሻና ቤት ይወሰዳል። የአዲስ አበባው ባልደረባችን "የእኛ ዝናብ ነው የሚመጣባችሁ" ሲል አንዲት ተማሪ "እንግዲያው ሲመጣ ደውልልን" አለችው። ከዚያ ወዲህ በነሐሴ ከባድ ዝናብ ሲጥል ቤተሰቦቹን እየጠየቀ ይደውላል።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ የመጣው አዋሽ ላይ ነው። አፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚለያዩበት ቦታ እንደሆነ እናስተምራለን። እ.ኤ.አ. በ2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደተሰነጠቀ እንጠቅሳለን። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ደጋግማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በታኅሣሥ መጨረሻ በረታ፣ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሰው ከመኖሪያው ወጣ። አዋሽ ያለነው ሁለታችንም እንደ ጎረቤቶቻችን ውጭ አደርን። ከዚያ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ ምድሩ ይከፈላል ብለህ ነበር። መቼ ነው?" አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይቶ ነገራቸው። መለያየቱ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር መሆኑን፣ የመንቀጥቀጡን ቀንና ሰዓት ግን አላህ እንጂ ሰው እንደማያውቀው ተናገረ። በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ከግድግዳና ከመስኮት መራቅ እንዳለባቸውም አሳያቸው። ልጁ "እሺ፣ ይህን ለቤት እነግራለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ያን ቀን ትምህርቱ ወደ ቤት የሚወሰድ ወሬ ሆነ፤ የተነገረውም ነገር ትክክል መሆን ነበረበት።

ዝውውር

በሦስተኛው ዓመት የዝውውር ፎርም መጣ። ሁለታችን ሞላን። የጅማው እናቱ ታመዋል፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። የአዲስ አበባው ትዳር ይዟል፣ ባለቤቱ ሥራዋ እዚያ ነው። የቀረነው ሁለታችን አልወቀስናቸውም፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ወላጅን መካደም ትልቅ ዒባዳ ነው።

ግን ነገሩን በተማሪው በኩል እንየው። አዲስ መምህር ይመጣል። "ቃሊ" ብሎ ይጠራል። በ"አንተ" ይቆጣል። ሐጋይ ላይ "ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ" ብሎ ይመዘግባል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ነገሩ ይገባዋል፣ በሦስተኛው ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣውም ከዜሮ ይጀምራል። ተማሪው 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ስሙን ለስንት እንግዳ ያስረዳል? የአፋር ልጅ ትምህርት የሚጎዳው በመጽሐፍና በወንበር እጥረት ብቻ አይመስለንም። መምህር ከመምህር ጋር ዳጉ ስለማያወራም ነው።

ስለዚህ የሚሄዱት ሁለቱ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሥራ ሠራን። በየትምህርት ቤቱ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተን ለሚተካው መምህር ጻፍን። የፊደሉን አነባበብ፣ የወቅቶቹን ስም፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ወር ከእንስሳት ጋር እንደሚሄድና ሲመለስ ማን እንደሚያስጠናው፣ የትኛው ወላጅ በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚገኝ ጻፍን። ያየነውን "አየን"፣ የሰማነውን "ሰማን" ብለን ነው የጻፍነው። የአዋሹን ደብተር የተረከበችው እህት በመጀመሪያው ሳምንት ደውላ ከደብተሩ የቀሩ ሁለት ስሞችን ጠየቀችን።

ለሚመደቡ ወንድሞችና እህቶች

ሻንጣችሁ ውስጥ ሽርጥ ወይም ስስ ልብስ፣ አጎበርና መድኃኒት ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት የአፋርኛን ፊደል አጥኑ፤ አንድ ምሽት ይበቃል። የመጀመሪያውን ወር ምሽት ቤት ዘግታችሁ በስልክ አታሳልፉት፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲጠይቃችሁ አጭር መልስ አትስጡ፤ ከየት እንደመጣችሁ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳያችሁ ንገሩ። የሚነግራችሁንም ሳታቋርጡ ስሙ። የቀረ ልጅ ሲመለስ ከመቆጣታችሁ በፊት የት እንደነበረ ጠይቁት። የመልቀቂያ ቀናችሁ ሲደርስ ደግሞ ለሚተካችሁ ጽፋችሁ ሂዱ።

ሁለታችን እዚያው ነን። ስንት ዓመት እንደምንቆይ አላህ ያውቃል። አዋሽ ሰባትም ሆነ ሰመራ የሚደርሳችሁ ካላችሁ ማታ ከዒሻ በኋላ ፈልጉን፤ ደጃፍ ላይ ታገኙናላችሁ። አላህ ለሚያስተምረውም ለሚማረውም ያግራለት።